የወለሉ ንፋስ

ጠርሙሱን ያነሣው ይርሳው ነበር፤ ያሸተተችው ግን አምሳለች ናት።

«ቤንዚን» አለች ፊቷን እያዞረች። «ያውም ዛሬ ጠዋት የፈሰሰ የሚመስል።»

ይርሳው የቀሩትን ጠርሙሶች አንድ በአንድ አነሣ። ትናንት ከሰዓት በኋላ በክፍሉ ማዕዘኖች ላይ በድጅኖ ጉድጓድ በስቶ፣ በየጉድጓዱ አፍ ላይ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ደፍቶ፣ ዙሪያውን በጭቃ መርጎ ነበር። የሞጣ ጤና ጣቢያ ለዚህ ዓይነት ሥራ መለኪያ መሣሪያ አልነበረውም። የነበረው የአካባቢ ጤና ባለሙያው፣ የሳኒታሪያኑ የይርሳው አፍንጫ ነው፤ እርሱም ሰሞኑን በጉንፋን ተዘግቷል። አዋላጅ ነርሷን አምሳለችን የጠራት ለዚህ ነበር።

«እኔ እኮ ከአሰላ ድረስ የመጣሁት ላዋልድ ነበር» አለች። «አነፍናፊ ውሻ አደረግኸኝ።»

«ይቺንም አሽትቺልኝ።»

አሸተተች። ወደ በሩ ሄዳ ቆመች።

ነሐሴ 1976 ነበር። ቤቱ ከአብዮቱ በፊት የአንድ ነጋዴ የነዳጅ መጋዘን ሆኖ ኖሯል። በርሜሎቹ ከሥራቸው ዝገው ለዓመታት ወደ መሬቱ ሲያንጠባጥቡ ማንም ልብ አላለም። በአዋጅ ከተወረሰ በኋላ ቀበሌው እህል አስቀመጠበት፤ እህሉ ላምባ ላምባ እያለ የሚገዛው ጠፋ። ግድግዳው ግን ድንጋይ ነው፤ ጣሪያውም አያፈስም፤ ከጤና ጣቢያው ጋር ግቢ ለግቢ ነው። ስለዚህ በኖራ ተቀብቶ፣ አልጋ ገብቶበት፣ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል የወላዶች ክፍል ሆኖ እንዲመረቅ ተወሰነ። ወለሉ በሳሙናም በመድኃኒትም ታጥቦ ነበር። ዝናብ በጣለ ቁጥር ሽታው ይመለሳል።

ለምን በዝናብ ጊዜ እንደሚብስ ይርሳው ቶሎ ገብቶት ነበር። ግቢው ውኃ ሲጠጣ አፈሩ ይደፈናል። ከመሬት የሚነሣው ጋዝ በግቢው መውጣት ሲያቅተው ደረቅ ቦታ ይፈልጋል፤ ደረቁ ቦታ ደግሞ ቤቱ ሥር ነው። ክረምቱን ሙሉ ቤቱ እንደ ጭስ ማውጫ ይስባል። በዚያ ላይ በክረምት በርና መስኮት የሚከፍት ሰው የለም፤ አራስ ያለችበት ቤት ደግሞ በበጋም አይከፈትም።

ለይርሳው ክፍሉ ከምርቃት ያለፈ ነገር ነበር። ታናሽ እህቱ ፈንታነሽ ቢቸና፣ እናታቸው ቤት፣ ሁለት ልጅ ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች። አሁን ሦስተኛውን በሆዷ ይዛለች። ባሏ ሚሊሻ ሆኖ ወደ ሰሜን ዘምቷል። በሰኔ ቢቸና በሄደ ጊዜ፣ «ሞጣ መጥተሽ ጤና ጣቢያ ትወልጃለሽ» አላት።

«ይሄኛው ይኖራል?» አለችው።

«ይኖራል።»

ያን ሲላት ክፍሉ የትኛው ቤት እንደሚሆን ገና አልሰማም ነበር።

የአውራጃው ካድሬ አምባቸው ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። ሁለቱን ባለሙያዎች እንዲቀመጡ ጋብዞ፣ ይርሳው እስኪጨርስ እርሳሱን በጣቶቹ መካከል እያገላበጠ ሰማ።

«ጥሩ። ሌላ የድንጋይ ቤት አምጡልኝና እዚያ እናድርገው።»

«ሌላ እንደሌለ ታውቃለህ ጓድ አምባቸው።»

«አውቃለሁ። ስለዚህ መፍትሔ ይዘህ ነው የመጣኸው፣ ወይስ ችግር ብቻ ተሸክመህ?»

«መፍትሔ አለኝ። የላይኛውን አፈር አንድ ክንድ ያህል ቆፍረን አውጥተን ከከተማ ውጭ እንጥላለን። ከዚያ በታች ያለውን አንችለውም፤ እስከ የት እንደዘለቀም አናውቅም። ስለዚህ ወለሉን ከመሬቱ እናነሣዋለን። የድንጋይ እግር፣ በላዩ አግዳሚ፣ በአግዳሚው ላይ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ ጣውላ። ከሥሩ ባዶ ይሆናል። በግድግዳው ግርጌ በምሥራቅም በምዕራብም ቀዳዳ እናወጣለን። ጋዙ ሲነሣ፣ ሰው ጋ ሳይደርስ ንፋሱ ይዞት ይሄዳል።»

«ጣውላ» አለ አምባቸው። «ያለኝ ጣውላ ለበዓሉ መድረክ የመጣው ነው።»

«እርሱ ይበቃናል» አለች አምሳለች።

አምባቸው ፈገግ አለ። «እኔስ መሬት ላይ ቆሜ ልናገር?»

«ረጅም ነህ፤ ትታያለህ።»

ሳቀ። እርሳሱን አስቀመጠ። «መድረኩን አሳንሰዋለሁ። ጣውላውን ውሰዱ። ግን እዚያ ሥር ምን እንዳለ የምናውቀው እኛ ሦስታችን ነን፤ ሦስታችን ብቻ እንሁን። አብዮቱ እናቶችን መርዝ ላይ አስተኛ የሚል ወሬ ገበያ ውስጥ ቢገባ፣ እናንተንም እኔንም የሚያተርፈን የለም።»

«ቀዳዳዎቹን ማንም እንዳይነካ ለሰው መንገር አለብን» አለ ይርሳው።

«ንገሩ። ምክንያቱን ሌላ አድርጉት።»

ይርሳው ወደ አምሳለች ዞረ። ትቃወማለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እርሷ ግን መስኮት መስኮቱን እያየች፣ «እኔም ባይነገር ይሻለኛል» አለች።

ከወጡ በኋላ በጭቃው መንገድ ላይ ጎን ለጎን ተራመዱ። መጀመሪያ የተናገረችው እርሷ ናት።

«ፈርታ ነው አትበል። ከዚህ ከተማ ዙሪያ ስንት ቤት ለምኛለሁ? ‹እቤቴ ልሙት› የምትል ሴት ስንቴ እጄን ገፍታኛለች? አሁን ገና መምጣት ጀመሩ። ከአልጋው ሥር ቤንዚን አለ በላቸውና አንዲት ከመጣች ጠይቀኝ።»

«አየሩ ንጹሕ ከሆነ ለምን ይፈራሉ?»

«አንተ ስለ አየር ታስረዳለህ፤ እነሱ የሚሰሙት ቤንዚን የሚለውን ነው።» ጫማዋን ከጭቃው መንጭቃ አወጣች። «ጣውላው እንዳይበሰብስ ነው እንላለን። ውሸትም አይደለም። ጣውላውም አይበሰብስም።»

ይርሳው አልተከራከረም። ጣውላውን ፈልጎ ነበር፤ ጣውላው ተገኝቷል።

ሥራው በዓሉ ሳይደርስ አለቀ። አፈሩን በቃሬዛ እያወጡ ሲጥሉ ሠራተኞቹ ራሳቸውን እየዞራቸው ወደ ውጭ ይወጡ ነበር፤ የድሮ እህል ሸቶ ነው ተባሉ። የግድግዳው ግርጌ በየአቅጣጫው ተበሳ፤ አይጥ እንዳይገባ በየቀዳዳው ወንፊት ሽቦ ተመታበት። ወለሉ ተነጥፎ ሲያልቅ ይርሳው ጠርሙሶቹን በጣውላው ላይ ደፋቸው። በማግስቱ ጉንፋኑ ለቆት ስለነበር ራሱ አሸተተ። የእንጨት ሽታ ብቻ ነበር። ከዚያ ከሲጋራ ፓኮ የወጣች ስስ ወረቀት ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። በምሥራቁ ቀዳዳ ፊት ሲይዛት ወረቀቷ ወደ ውስጥ ተሳበች። ዞሮ በምዕራቡ ሲይዛት ወደ እርሱ ተገፋች። ያን ጊዜ ብቻውን ሳቀ።

በከተማው ዋና ሥራው ሽንት ቤት ማስቆፈር ስለነበር «የሽንት ቤት ሐኪም» ነበር የሚሉት። በምርቃቱ ቀን አምባቸው በአዲሱ ወለል ላይ እግሩን መታ መታ አድርጎ፣ «ይሄ ጣውላ ትልቅ ንግግር ሊደረግበት ነበር» አለው በጆሮው። «የሽንት ቤት ሐኪም ቀማኝ።»

የይርሳው እናት የሺእመቤት ፈንታነሽን ይዛ ከቢቸና የመጣችው ከመስቀል በፊት ነው። በጭነት መኪና፣ በዝናብ፣ ግንደወይን ላይ ጎማ ተበላሽቶባቸው አድረው። ባሏ በቢቸና የደብር አገልጋይ ነበር፤ እርሱ ካለፈ ወዲህ ቤቷን የያዘችው በእጇ ሥራ ነው። ጭቃ ታውቃለች። ቢቸና ውስጥ ግድግዳ የሚያስመርግ ሰው መጀመሪያ የእርሷን ደጅ ያንኳኳ ነበር። ጭቃውን ከጭድ ጋር አብኩታ፣ በመዳፏ ለጥፋ፣ በመጨረሻ በአራት ጣቶቿ ከላይ ወደ ታች ትስበዋለች። ያ የጣት መስመር ያለበት ግድግዳ አይሰነጠቅም ይባል ነበር።

ወደ ክፍሉ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ከሰል አለመኖሩን ነው።

«እሳት የለም እንዴ እዚህ ቤት?»

«ከሰል አይገባም እናቴ» አለች አምሳለች። «የሐኪም ትእዛዝ ነው።»

«ሐኪሙ ወልዶ ያውቃል?»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁለት አራሶች ከብርድ ልብሳቸው ውስጥ ሳቁ። የሺእመቤት አልሳቀችም። ፈንታነሽ አልጋ አጠገብ ተንበርክካ፣ ጣውላው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት በኩል መዳፏን ዘረጋች። እንደዚያ ሆና ቆየች።

«ይሄ ቤት ከታች ይተነፍሳል» አለች።

ይርሳው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ይተንፍስ እማየ። ሆን ብለን ነው።»

«ለምን ሲባል?»

ሁለቱ አራሶችም ፈንታነሽም ያዩታል። አምሳለችም ታየዋለች።

«ጣውላው እንዳይበሰብስ ነው። ቀዳዳዎቹን ማንም እንዳይነካ።»

የሺእመቤት ቀና ብላ ልጇን ተመለከተች። «እንጨት ቢበሰብስ ሌላ ይቆረጣል» አለች። «አራስ ከታች በንፋስ ብትመታስ?»

«ብርድ ልብስ እጨምርላታለሁ።»

«ከላይ?»

ሴቶቹ እንደገና ሳቁ፤ ይርሳውም አብሮ ሳቀ። ብርድ ልብሱን ግን በዚያው ቀን አመጣ።

ፈንታነሽ ወንድ ልጅ ወለደች። ትንሽ ነበር፤ ከቀኑ ትንሽ የቀደመ ሳይሆን አይቀርም። ጮኸ፣ ጡት ያዘ፣ ቀላ። ይርሳው ሊያየው ሲገባ እህቱ ጨርቁን ገልጣ አሳየችው።

«ይኖራል ያልከው ይሄ ነው?»

«እርሱ ነው።»

በማግስቱ ለምንጭ ሥራ ወደ ግንደወይን ተላከ። ጋዙ እሳት እንዳይዝ፣ ከሰል እንዳይገባ አምሳለችን ደጋግሞ አሳሰባት። እናቱን ተሰናበታት፤ ግቢው ጥግ ከአጥሩ ሥር ቆማ አፈሩን በጣቶቿ እያሸች ትመለከተው ነበር። የምታደርገውን አላስተዋለም። አፈር ማሸት ልማዷ ነው፤ በሄደችበት አገር ሁሉ አፈሩን ሳትነካ አታልፍም።

ግንደወይን ሳለ ዝናቡ አላቋረጠም። በሦስተኛው ቀን ሞጣ ገብቶ ከመኪናው ሲወርድ፣ እናቱን ከጤና ጣቢያው ዛኒጋባ ሥር አገኛት። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

አምሳለች ከደጅ ቀድማ ያዘችው።

«ዛሬ ንጋት ላይ ነው» አለች። «ጡት ተወ። እንቅልፍ እንቅልፍ አለው። ብቀሰቅሰው አልነቃም አለኝ። ትንሽ ልጅ ስለሆነ ነው አልኩ። ፈንታነሽም ራሷን አመማት፣ አስታወካት፤ ደም ፈስሷት ነው አልኩ። እነዚያም ሁለቱ ራሳችንን አመመን አሉ፤ አራስ ሁሉ ራሱን ያመዋል አልኩ።»

«ሽታ አልነበረም?»

አምሳለች ወደ ክፍሉ በር ዞረች። «እዚያው ውዬ እዚያው ነው ያደርኩት፤ እነሱን ትቼ የት እሄዳለሁ? አፍንጫዬ ለምዶት እንደሆነ አላውቅም።»

ይርሳው የክፍሉን በር ገፋ። ሽታው ደጁ ላይ ተቀበለው። ፈንታነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያው ተመላላሽ ክፍል ሲያወጧት ዓይኗን ገልጣ አየችው። ያን ዓይን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሶታል። ሁለቱን አራሶችም ከነልጆቻቸው አወጧቸው።

ከዚያ በግድግዳው ዞረ።

የምሥራቁ ቀዳዳዎች ሁሉ ተመርገው ነበር። ጭቃው ከጭድ ጋር በሚገባ የተቦካ፣ ከድንጋዩ እኩል የተለሰነ፣ ንጹሕ ሥራ ነው። በእያንዳንዱ ላይ ከላይ ወደ ታች የተሳበ የአራት ጣት መስመር አለ። በምዕራብም እንዲሁ። ይርሳው እጁን በአንደኛው ላይ አሳረፈ። በዚያ መስመር በተመረገ ግድግዳ ውስጥ ነው ያደገው።

ሕፃኑ ቀድሞም ትንሽ ነበር፤ በዚያው ሊሞት ይችል ነበር። ይህን ያውቃል። አምሳለችም ኋላ ደጋግማ ነግራዋለች። ግን በቀዳዳው ፊት ቆሞ ሳለ ይህን የሚነግረው ሰው አጠገቡ አልነበረም፤ ቢኖርም አይሰማውም ነበር።

በዚያው ሰዓት አራት ሰዎች አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ከገጠር ገቡ። ዛኒጋባው ሥር አስቀመጧት። አብሯቸው የመጣው አማቷ፣ ቁመተ ረጅም ሽማግሌ፣ ዱላውን ተደግፎ ቆመ። አምሳለች ሴትዮዋን ዳሳ፣ ወደ ይርሳው መጥታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ልጁ ዞሮ ነው የመጣው። ተመላላሽ ክፍሉ ውስጥ አዋልዳታለሁ። አንተ ቀዳዳውን ክፈትና አየር ይግባበት። ነገ ይሸታል፣ ከነገ ወዲያ አይሸትም። ለእናትህ አትንገራት። ምን ይጠቅማታል?»

«ነገ ከነገ ወዲያ ይቺ ሴት እዚያ ክፍል ትተኛለች።»

«ክፍት ከሆነ ምን አለበት?»

«ማታ እናቷ ትደፍነዋለች» አለ ይርሳው። «ወይም አክስቷ። ለእንጨት ሲባል አራስ በንፋስ የሚያስመታ ማን አለ?»

ድጅኖውን አንሥቶ የመጀመሪያውን ምርጊት መታው። ጭቃው ገና አልደረቀም፤ ድጅኖው በቀላሉ ሰረገ። በድምፁ የሺእመቤት ተነሥታ መጣች።

«ምን ታደርጋለህ?»

«እከፍተዋለሁ እማየ።»

«አንዱን ንፋስ ወሰደው።» የቃሬዛዋን ሴት በዓይኗ አመለከተች። «የእሷንም ልትሰጠው ነው? ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ገና በመጣሁ ዕለት መድፈን ሲገባኝ አንተን ሰማሁ። ልጁ ከተወለደ አንድ ቀን ዘገየሁ።»

የአራሶቹ ዘመዶች፣ ከዛኒጋባው ሥር፣ እውነቷን ነው አሉ። አንዷማ ድጅኖውን ከእጁ ልትቀበለው ተጠጋች።

ይርሳው ድጅኖውን አልሰጣትም። ነገራቸው። ድምፁ ከወትሮው ዝቅ ያለ ስለነበር ለመስማት ተጠጉ። ስለ ነጋዴው መጋዘን፣ ስለ በርሜሎቹ፣ በዝናብ ጊዜ ከመሬት ስለሚነሣው ነገር፣ ንፋሱ ለምን በወለሉ ሥር እንዲያልፍ እንደተደረገ ነገራቸው። ሲጨርስ እናቱን አላያትም። እጆቿን ብቻ አየ፤ ከነጠላዋ ውጭ ተንጠልጥለው ነበር።

የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቀው ሽማግሌው ነው።

«ከዚህ ቤት ሥር ቤንዚን አለ ነው የምትለው?»

«አለ አባቴ። ቀዳዳው ክፍት ከሆነ ግን ሰው አይነካም።»

«ቀድሞ ለምን ነው ያላችሁት ቀዳዳውን?»

ከይርሳው ቀድማ አንዷ ሴት መለሰችለት። «ለእንጨቱ ነው ብለውን ነበር።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። በቁጣ አልነበረም፤ የሰማውን እንደሚያስቀምጥ ሰው ነው። «ያን ጊዜ ለእንጨቱ ነበር» አለ። «ዛሬ ለቤንዚኑ ሆነ። ነገስ?» ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣ «አንሡ» አላቸው።

አምሳለች ከቃሬዛው ፊት ቆመች። «ልጁ ዞሯል። ቤት ከሄደች ትሞታለች። በዚያ ክፍል አላስገባትም፤ በሌላ ክፍል ነው። እባካችሁ።»

«በሌላው ሥርስ ምን አለ?» አለ ሽማግሌው።

«ምንም የለም።»

«ይሄን የምትለኝ አንቺ ነሽ።»

ቃሬዛውን አነሡ። አምሳለች እስከ ግቢው በር ድረስ የሴትዮዋን እጅ ይዛ አብራ ሄደች፤ በር ላይ እጇ ከእጇ ወጣ። የአራሶቹም ዘመዶች ጨርቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። አምሳለች ከበሩ ስትመለስ በይርሳው አጠገብ አልፋ ሄደች። ወደ ፈንታነሽ ገባች።

ልጁን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቀበሩት። ክርስትና ስላልተነሣ ፍትሐት አልተደረገለትም። ከቀብር ሲመለሱ የሺእመቤት ወደ ፈንታነሽ አልገባችም፤ በግድግዳው ዞራ ወደ ምዕራቡ ሄደች። ይርሳው ተከተላት።

የመጨረሻዎቹ ቀዳዳዎች ገና አልተከፈቱም ነበር። ተንበርክካ ምርጊቱን በጣቶቿ ትቆፍር ጀመር።

«ተይው እማየ፤ እኔ እከፍተዋለሁ።»

አልሰማችውም፤ ወይም እንዳልሰማች ሆነች። ጭቃው በጥፍሮቿ ውስጥ ገባ። የተላጠውን በጎን ታስቀምጠዋለች፤ እንደ ሌላው ጊዜ ሥራዋ፣ ምንም ሳታዝረከርክ።

«እንጨት ነው ያልከኝ» አለች ሳትዞር።

«አዎ።»

«እኔ እንጨት መስሎኝ ነው።»

ከምርጊቱ የመጨረሻው ቁራጭ ሲወድቅ፣ በምሥራቅ የገባው ንፋስ በባዶው ክፍል ሥር አልፎ በእናቱ እጆች ላይ ወጣ። የሺእመቤት ጭቃ የተለወሰ እጇን ቀስ ብላ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።